ኮኩሆ ሮዝ ሩዝና ሞቺኮ ዱቄት፦ የኮዳ ቤተሰብ እርሻ በከረጢትና በካርቶን

ኮኩሆ ሮዝ በጥሬው ብዙም የሚያስደንቅ ሩዝ አይደለም። ፍሬው ከባስማቲ አጠር፣ ከሱሺ ሩዝ ረዘም ያለ ነው። ማንነቱ የሚታወቀው በስሎ ክዳኑ ሲነሳ ነው። ስስ የአበባ ጠረን አለው፤ ፍሬው ይያያዛል እንጂ አይጨማለቅም፤ ሲያላምጡት መጨረሻ ላይ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ከተራ የካሊፎርኒያ ሩዝ ይወደዳል። ዋጋው ይገባዋል ወይ ለሚል ሰው አጭሩ መልስ፣ ሩዙን ለብቻው ወይም በትንሽ ነገር ለሚበላ አዎ፣ ወጥ አፍስሶበት ለሚበላ ግን የግድ አይደለም የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ሩዙ የወጣበት የኮዳ ቤተሰብ እርሻ ምን ሆኖ እንደነበር ሳይነገር አይሟላም፤ የሩዙ ጠባይ የመጣው ከዚያ ነውና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እርሻው ያለው በካሊፎርኒያ፣ በሳን ዋኪን ሸለቆ፣ ሳውዝ ዶስ ፓሎስ በምትባል ትንሽ ቦታ ነው። መሥራቹ ኬይሳቡሮ ኮዳ ከጃፓን ፉኩሺማ በ1908 የመጣ፣ አገሩ ሳለ መምህር የነበረ ሰው ነው። አሜሪካ ገብቶ ነዳጅ ፍለጋ ሞከረ፤ ልብስ ማጠቢያ ቤቶች ከፈተ፤ ቱና በቆርቆሮ ማሸግ ውስጥ ገባ፤ በመጨረሻ ወደ ሩዝ ዞረ። የእርሻው ዕድሜ የሚቆጠረው ከ1928 ጀምሮ ነው። ሩዝን በአውሮፕላን ከዘሩ ቀደምት ገበሬዎች አንዱ በመሆኑና መሬቱም በሺዎች ኤከር የሚቆጠር ስለነበር «የሩዝ ንጉሥ» የሚል ቅጽል ወጣለት።

መሬቱ ግን በስሙ አልነበረም። የካሊፎርኒያ የ1913 የውጭ ዜጎች መሬት ሕግ ዜጋ የመሆን መብት የሌለው መጻተኛ የእርሻ መሬት እንዳይገዛ ከለከለ፤ በ1920 ደግሞ የኪራዩን ቀዳዳ ጭምር ደፈነ። በፌዴራሉ ሕግ ጃፓን የተወለደ ሰው ዜግነት ሊያገኝ ስለማይችል፣ ሕጉ የማንንም አገር ስም ሳይጠራ ዒላማው ግልጽ ነበር። ስለዚህ ብዙ ቤተሰቦች መሬቱን አሜሪካ በተወለዱ ልጆቻቸው ወይም በእነሱ ስም በተቋቋመ ኩባንያ ያዙ፤ ኮዳም እንዲሁ አደረገ። የእነዚህን ቤተሰቦች የመሬት መዝገብ የሚፈልግ ሰው በአባትየው ስም ፈልጎ ባዶ እጁን የሚመለሰው ለዚህ ነው። በበኩር ልጅ ስም ወይም በኩባንያው ስም ነው መፈለግ ያለበት።

የካቲት 1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ከጃፓን ጋር ስትዋጋ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጦሩ ሰዎችን ከመኖሪያቸው እንዲያስወጣ የሚፈቅደውን የአስፈጻሚ ትእዛዝ 9066ን ፈረሙ። በምዕራብ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ ከ110,000 በላይ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ ሁለት ሦስተኛው የአሜሪካ ዜጎች ሆነው ሳለ፣ ተገደው ከቤታቸው ወጡ። ብዙዎቹ ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ የተሰጣቸው ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ለገበሬ ይህ ከማንም የከፋ ነበር። ሱቅ ያለው ሰው ዕቃውን በግማሽ ዋጋም ቢሆን ይሸጣል፤ በማሳ ያለ ሰብል ግን አይጫንም፣ አይቆለፍበትም፣ ዋጋውም የሚታወቀው ሲታጨድ ነው። የኮዳ ቤተሰብ የተወሰደው በምሥራቅ ኮሎራዶ፣ ግራናዳ አጠገብ ወዳለው አማቺ ካምፕ ነው። ከ7,000 በላይ ሰው የታጎረበት፣ ነፋስና አቧራ የማይለየው ሜዳ። እርሻው በአደራ ለሌሎች ተተወ።

ቤተሰቡ በ1945 ሲመለስ ደህና ደህናው መሬት፣ ወፍጮው፣ ማድረቂያው፣ አውሮፕላኖቹ፣ መሣሪያውና ከብቱ ተሽጧል። የቀረው ብዙም የማይፈለገው መሬት ነበር። ኮንግረስ በ1948 የካሳ ሕግ አወጣ፤ 26,568 ጥያቄ ቀረበ፤ የተጠየቀው 148 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን የተከፈለው 37 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ሕጉ ደረሰኝ ይጠይቃል፤ ሰው ደግሞ በሁለት እጁ የያዘውን ሻንጣ ብቻ ይዞ ነው የወጣው። የገቢ ግብር መሥሪያ ቤቱም የእነዚያን ዓመታት የግብር ማስታወቂያዎች አብዛኛዎቹን አስወግዶ ነበር። ሳይደርስ የቀረ ሰብል ትርፍ በካሳው አይታሰብም። የኮዳ ጉዳይ ከሁሉም የመጨረሻው ሆኖ በ1965 በ362,500 ዶላር ተዘጋ። ስምምነቱ ሲፈረም እርሻው ከተወሰደ 23 ዓመት ሆኖታል።

እንግዲህ ከጦርነቱ በፊት የነበረው እርሻ ከረጢቱ ውስጥ የለም። ሰዎች ይህን ሩዝ ሲገዙ «ከ1928 ጀምሮ ያልተቋረጠ» የሚል ነገር ይታሰባቸዋል። ተቋርጦ ነበር። ኮኩሆ ሮዝ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኬይሳቡሮና ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ኤድዋርድና ዊልያም በቀረው መሬት ላይ አዲስ ወፍጮ ሠርተው፣ የራሳቸውን የማዳቀያ ጣቢያ አቋቁመው፣ አዳቃይ ቀጥረው በ1950ዎቹ የጀመሩት ሥራ ውጤት። ለገበያ የወጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዝርያው የመካከለኛው ምሥራቅ ሩዝ ደም አለበት፤ ያ ጠረንም ከዚያ የወረሰው ይመስላል። ብዙ መሬት ያጣ ገበሬ በብዛት መወዳደር አይችልም። ኮዳዎች በጥራት ለመወዳደር ወሰኑ፤ የሩዙም ውድነት የሚጀምረው ከዚህ ውሳኔ ነው።

ስሙ ሰውን ያሳስታል። «ኮኩሆ» በጃፓንኛ የአገር ሀብት፣ የአገር ቅርስ እንደማለት ነው። «ሮዝ» ግን ከአበባ ጋር ጉዳይ የለውም። በአሜሪካ የሩዝ ነጋዴዎች ልማድ መካከለኛ ፍሬ ያለው ዝርያ ስሙ በ«ሮዝ»፣ አጭር ፍሬ ያለው በ«ፐርል» ያልቃል። በ1948 የወጣው ካልሮዝ ማለት «የካሊፎርኒያ መካከለኛ ፍሬ» ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለበትም። ስለዚህ ስሙ ላይ «ሮዝ» የሚል ሩዝ ሁሉ አንድ አይደለም። ዛሬ ካልሮዝ ተብሎ የሚሸጠው ራሱ የ1948ቱ ዝርያ ሳይሆን ከእሱ በኋላ የመጡ አጫጭር አገዳ ያላቸው ዝርያዎች ስብስብ ነው።

አገዳው ላይ ትንሽ እንቆይ። ኮኩሆ ሮዝ ረጅም ነው፣ ዘግይቶ ይደርሳል። ረጅም አገዳ ማዳበሪያ ሲበዛበት ወይም ነፋስ ሲመታው ይጋሽባል፤ የተጋሸበ ሩዝ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይበላሻል፣ ማጨጃውም አያነሳውም። መፍትሔው ናይትሮጂን መቀነስ ነው፤ ናይትሮጂን ሲቀንስ ደግሞ ምርት ይቀንሳል። ሌላው ገበሬ ከ1970ዎቹ ወዲህ ወደ አጫጭሮቹ የዞረው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ዘግይቶ የሚደርስ ሰብል የመኸር ወራት ዝናብ ከመምጣቱ በፊት መታጨድ አለበት፤ አንድ ሳምንት መዘግየት ፍሬውን ያሰነጥቀዋል፣ የተሰነጠቀ ፍሬ ወፍጮ ላይ ይሰበራል፣ የተሰበረ ፍሬ ሲበስል ስታርቹን ለቆ ድስቱን ገንፎ ያደርጋል። ጥሩ ከረጢት ከመጥፎ የሚለየው በዚህ ነው። ጥቂት ሩዝ መዳፍ ላይ አፍስሱና ስባሪውን ቁጠሩ፤ ከሃያ ፍሬ አንድ ሁለት ቢሆን ደህና ነው።

አዘራሩም እንደ ብዙው የካሊፎርኒያ ሩዝ ነው። ማሳው ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሞላል፤ ዘሩ አንድ ቀን ተነክሮ፣ ተንጠፍጥፎ ክብደት ሲይዝ በሚያዝያና በግንቦት ከአውሮፕላን ይበተናል። ሳይነከር ቢበተን ይንሳፈፍና ነፋስ ወደ አንድ ጥግ ይሰበስበዋል።

አሁን ወደ ድስቱ። ሩዙን የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ መለኪያ፣ እጥበትና ችኮላ።

መለኪያው ከሁሉም ይብሳል። ከኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ ጋር የሚመጣው ኩባያ 180 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብ አሠራር መጻሕፍት የሚያወሩት ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሩዙን በአንዱ፣ ውሃውን በሌላው የለካ ሰው ይሳሳታል። ሁለት የማብሰያ ኩባያ ሩዝ 360 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለት ተኩል የአሜሪካ ኩባያ ውሃ ደግሞ 600። አንድ እጅ ሩዝ ለአንድ ከሩብ ውሃ መሆን የነበረበት ለአንድ ከሁለት ሦስተኛ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ሩዙ ይወቀሳል። ሚዛን ላለው ሰው ይቀላል፦ 400 ግራም ነጭ ኮኩሆ ሮዝ፣ 600 ሚሊ ሊትር ውሃ። በመኸር የሚወጣው የአዲስ ምርት ሩዝ እርጥበቱ ስለሚበልጥ ከውሃው ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይቀነስ፤ ዓመት የሞላው ሩዝ ያንኑ ያህል ይጨመርለት።

እጥበቱ ላይ የመጀመሪያው ውሃ ወሳኝ ነው። ደረቅ ሩዝ ያገኘውን የመጀመሪያ ውሃ በሴኮንዶች ይመጣል፤ ያ ውሃ የዱቄት ትቢያ ያለበት ከሆነ ሽታው አብሮ ይገባል። ስለዚህ ውሃ አፍስሱ፣ አንድ ሁለቴ በእጅ አማስሉ፣ ወዲያው ድፉ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ያህል በቀስታ ማጠብ ይበቃል። ውሃው ጥርት እስኪል ማሸት አያስፈልግም፤ የታሸ ፍሬ ይሰበራል። በወንፊት አንጠፍጥፋችሁ ከተለካው ውሃ ጋር ድስት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይነከር። ያልተነከረ ፍሬ ውጪው ለስልሶ መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ያስቀራል።

ወፍራም መቀመጫ ያለው ድስት ይሁን። መካከለኛ እሳት ላይ ይፍላ፤ ሲፈላ እሳቱ እስከ መጨረሻው ዝቅ ይበል፤ 15 ደቂቃ። ክዳኑ አይከፈት፤ እንፋሎቱ ከወጣ የላይኛው ሩዝ አይበስልም። እሳቱ ጠፍቶ ደግሞ ሌላ 12 ደቂቃ እንደተከደነ ይቆይ። ይህችን መጨረሻ የሚዘሏት ብዙ ናቸው፤ ሥሩ የጨቀየ፣ ላዩ የደረቀ ሩዝ የሚወጣላቸውም እነሱ ናቸው። በኋላ በእርጥብ ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት እንጂ አትጫኑት።

ያልተፈተገው ቡናማው ኮኩሆ ሮዝ ሌላ ሩዝ ነው ማለት ይቻላል። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይነከር፤ ለአንድ እጅ ሩዝ አንድ ከሦስት ሩብ ውሃ፤ 45 ደቂቃ በዝግታ፣ 15 ደቂቃ ዕረፍት። ቡናማ ሩዝ የማይወዱ ሰዎች እንኳ ይህን ሲበሉ ቅሬታቸው ይቀንሳል፤ የላዩ ቡናማ ሽፋን ስስ ነውና እንደ ሌሎቹ አያስቸግርም። በዋጋው ልክ ነው ብለን ያለ ማመንታት የምንመክረውም ይህኛውን ነው።

ነጩ ለኦኒጊሪ (በእጅ ተጨብጦ ለሚበላ የሩዝ ጥቅል) እና ለቺራሺ (ዓሣና አትክልት ላዩ ላይ ለሚደረደርበት ሩዝ) እጅግ ይስማማል። ለአንድ በአንድ ለሚጨበጥ ሱሺ ግን አጭር ፍሬ ሩዝ ይሻላል፤ ኮኩሆ ሮዝ ሲቆራረስ ይላላል። ፍሬው ተለያይቶ መቆም ላለበት ፒላፍ አትግዙት። ለተጠበሰ ሩዝ የሚሆነው ከዋለ ካደረ ነው፤ የተረፈው ክፍል ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቆይ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ፣ ሩዝ ላይ የሚራባ ባክቴሪያ እንደገና በማሞቅ የማይጠፋ መርዝ ይተዋልና።

ሞቺኮ የቤተሰቡ ሁለተኛ ምርት ነው፤ ከሩዙም በላይ የሚታወቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሰማያዊ ኮከብ ያለበት 16 አውንስ፣ ማለትም 454 ግራም የሚይዝ ትንሽ ነጭ ካርቶን ነው። በእንግሊዝኛው «ጣፋጭ ሩዝ» ከሚባለው፣ በውስጡ ስኳር ከሌለው ሩዝ የተፈጨ ዱቄት። ይህ ሩዝ አሚሎዝ የሚባለው ስታርች የለውም በሚባል ደረጃ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል አሚሎፔክቲን የሚባለው ሌላው ስታርች ነው፤ የሚያጣብቀውም እሱ ነው። ተራ የሩዝ ዱቄት በእሱ ቦታ ቢገባ ሞቺው፣ ማለትም ከዱቄቱ የሚሠራው የሚለጠጥ የጃፓን ምግብ፣ ይፈረፈራል። ስህተቱ በብዛት የሚመጣው ሁለቱም «የሩዝ ዱቄት» ተብለው አንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጡ ነው። ሺራታማኮ ከሚባለው የጃፓን ዱቄት ጋርም አንድ አይደለም፤ ያኛው በውሃ ተፈጭቶ የደረቀ፣ ጓል ጓል ያለ ነው፣ ሊጡ ይበልጥ ይለጠጣል። ሞቺኮ ዳንጎ ለሚባለው የጃፓን ድቡልቡል ሊጥ ሲውል ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ የጆሮ ጫፍ ያህል እስኪለሰልስ ማሸት ነው። ከፈላ ውሃ ሥር የነበረው ክብ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ በስሏል ማለት አይደለም፤ ሁለት ደቂቃ ይጨመርለትና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይግባ።

ፈጣኑ ሞቺ ይህ ነው፦ አንድ ኩባያ ሞቺኮ፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ሩብ ኩባያ ስኳር። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተደባልቆ፣ ተከድኖ ማይክሮዌቭ ውስጥ አንድ ደቂቃ፤ በእርጥብ ማንኪያ ይማሰል፤ ሌላ አንድ ደቂቃ፤ ይማሰል፤ ከዚያ በ30 ሴኮንድ በ30 ሴኮንድ ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪሆን። ነጭ መስመር ከቀረበት ጥሬ ነው፣ አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። የድንች ስታርች የተነሰነሰበት ሰሌዳ ላይ ገልብጡት፤ ቢላዋውንም በስታርቹ ነክሩት። በዚያው ቀን ይበላ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ሞቺ ድንጋይ ይሆናል፤ ማቀዝቀዝ ስታርቹን መልሶ ያጠነክረዋል። ማቆየት ከተፈለገ በረዶ ቤት ይሻላል።

ሃዋይ ውስጥ የተወደደው የቅቤ ሞቺ አንዱን ካርቶን ሙሉ ይወስዳል፦ 2 ኩባያ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ ኩባያ የቀለጠ ቅቤ፣ 4 እንቁላል፣ አንድ ቆርቆሮ የኮኮናት ወተትና አንድ ተኩል ኩባያ ተራ ወተት። 23 በ33 ሴንቲ ሜትር በሆነ መጋገሪያ፣ በ175 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሰዓት። ሳይቀዘቅዝ የተቆረጠ ቢላዋ ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው የማያውቀው ጥቅሙ ደግሞ ይህ ነው፦ በሞቺኮ የወፈረ ሶስ በረዶ ቤት ገብቶ ሲቀልጥ እንደ በቆሎ ስታርቹ ውሃ አይለይበትም።

ከመግዛታችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቤተሰቡ በ2025 የራሱን የእርሻ ሥራ ሊያቆም መሆኑን አስታውቋል፤ የውሃና የማምረቻ ወጪ፣ እንዲሁም የዝርያው አነስተኛ ምርት ሸክሙን አክብደውታል። የንግድ ስሞቹ ካሊፎርኒያ፣ ዉድላንድ ላለው ዌስተርን ፉድስ ለተባለ ኩባንያ ተሰጥተዋል። ስለዚህ በመደርደሪያ ላይ ያለው ከረጢት የማን ማሳ ውጤት እንደሆነ ከስሙ ብቻ አይታወቅም። ጀርባውን ገልብጣችሁ ማን እንዳመረተው፣ የት እንደተፈተገና የየትኛው ዓመት ምርት እንደሆነ አንብቡ። ለሞቺኮ ልዩነቱ ብዙ አያሳስብም፤ የዱቄቱ ጠባይ በሩዙ ዓይነትና በአፈጫጨቱ ይወሰናል። ኮኩሆ ሮዝ ግን የመሬትና የውሃ ሩዝ ስለሆነ፣ አዲሱን ከአሮጌው ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ድስት፣ በአንድ ልክ ውሃ አብስሎ ማነጻጸር ነው የሚሻለው።

ነጩ በታሸገ ዕቃ፣ ብርሃንና ሙቀት በሌለበት ቦታ ዓመት ይቆያል፤ ትልቁን ከረጢት ለገዛ ሰው ጠላቱ ነቀዝ ነው። እንደገባ ከፋፍሎ ለአራት ቀን በረዶ ቤት ማሳደር እንቁላሉን ይገድላል፤ ሲወጣ ግን ወደ ክፍል ሙቀት እስኪመለስ ድረስ አይከፈት፣ ላዩ ላይ የሚያርፍ ጠል ያሻግተዋል። ቡናማው በላዩ ሽፋን ውስጥ ዘይት ስላለበት ይቆመጥጣል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስድስት ወር፣ ከዚያ በላይ አታስቀምጡት። አፍንጫችሁን ከረጢቱ ላይ አድርጉ፤ የቆየ ዘይት ከሸተታችሁ ያ ሽታ በእጥበት አይለቅም።